ዝም የምለው ስለማልወዳት አይደለም

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 39 ነው። ከባለቤቴ ጋር 8 ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። አልጠጣም፣ አልሳደብም፣ እጄንም አንስቼባት አላውቅም። ነገር ግን ባለቤቴ የከፋት ዕለት፣ በተለይም ያለቀሰች ወይም ድምፅዋን ከፍ ያደረገች ዕለት፣ ምላሴ ይታሰራል። እሷ ትናገራለች፤ እኔ የመጋረጃውን መስመሮች እቆጥራለሁ። ባለፈው ወር የእናቷን የምርመራ ውጤት ይዛ ማታ ገባችና ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። እኔ ተነስቼ ካቻቢቴ አመጣሁና ሦስት ወር ሙሉ ላልቶ የቆየውን የመኝታ ቤት በር እጀታ ማጥበቅ ጀመርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብሎኑ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ‹ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው› አለችኝ፤ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ በኋላ 4 ቀን ሳንነጋገር ቆየን። እውነቱን ለመናገር በሦስተኛው ቀን መናገር እችል ነበር፤ ግድግዳ ስላለችኝ ግን ይሰማት ብዬ ዝም አልኩ። ያደግኩት አያቴ ዘንድ ነው፤ ደግ ሴት ነበሩ፤ ማልቀስ ግን አይወዱም፤ ሳለቅስ ‹ሲበቃህ ትመጣለህ› ብለው ወደ ጓዳ ይልኩኝ ነበር። ጓደኛዬ ‹ተዋት፣ ሲበርድላት ራሷ ትመጣለች› ይለኛል። እሷ ግን አሁን አሁን መምጣቱን ትታዋለች፤ አትጨቀጭቀኝም፣ ምንም አትጠይቀኝም፤ ይህ ደግሞ ከጭቅጭቁ የበለጠ አስፈራኝ። እኔ ፍቅር የማያውቅ ሰው ነኝ? ወይስ ይህ ነገር የሚለወጥ ነው? ምላሱ የታሰረው።»

ውድ ጠያቂዬ፣

ስለ ዝምታ የሚጽፉልኝ አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ዝምታው የጎዳቸው ናቸው፤ ዝም የሚለው ሰው ራሱ ብዕር አንስቶ ስለ ዝምታው ሲጠይቅ እምብዛም አያጋጥመኝም። ስለዚህ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ያነበብኩት መልሱ ስለከበደኝ ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ሌሊቱን ለሚያነጉ ብዙ ሚስቶችና ባሎች የሚሆን ነገር ስላገኘሁበት ጭምር ነው።

ፍቅር የማያውቅ ሰው ነኝ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። የጻፉልኝን ይዤ ስፈርድ፣ አይደሉም። ይህን የምለው ላጽናናዎት ብዬ ሳይሆን ማስረጃውን ራስዎ ስለሰጡኝ ነው፤ እንደ ተራ ነገር ጠቅሰውት አለፉ እንጂ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብሎኑ ሁለት ጊዜ እንደወደቀብዎ ጽፈዋል። የሚስቱ እንባ ምንም የማይመስለው ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ተረጋግቶ ብሎኑን ያጠብቃል ወይም ተኝቶ ያድራል። በዚያች ሰዓት በውስጥዎ የነበረው ስሜት ማነስ ሳይሆን መብዛት ነበር፤ ስለበዛም መውጫ አጣ።

ሮበርት ሌቨንሰንና ጆን ጎትማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባለትዳሮችን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ የልብ ምታቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ በአካላቸው ላይ አያይዘው፣ ስለሚያጨቃጭቃቸው ጉዳይ እንዲነጋገሩ በማድረግ ለዓመታት አጥንተዋል። በዚህ ሥራቸው ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ፣ በክርክሩ መካከል ፊቱን የሚያዞረውና መልስ መስጠት የሚያቆመው ሰው ሲያዩት የተረጋጋ ቢመስልም ልቡ ግን በደቂቃ ከ100 ጊዜ በላይ ሊመታ እንደሚችል ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ሰውነት እዚህ ደረጃ ሲደርስ የሚሠራው አደጋ እንደመጣበት ሆኖ ነው፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ በጥሞና ማዳመጥና ቃል መምረጥ ደግሞ ለጊዜው ከአቅም በላይ ይሆናሉ። ማታ ያጡት ቃል ጠዋት ፊትዎን ሲታጠቡ ተስተካክሎ የሚመጣልዎ ለዚህ ነው። ጠዋት ላይ ብልህ ሆነው ስላደሩ አይደለም፤ ልብዎ ወደ ቦታው ስለተመለሰ ነው።

አሁን ወደ በሩ እጀታ ልመለስ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የነካኝ እሱ ነው።

ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለችው ተመራማሪ በዩጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ካጠናች በኋላ፣ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ በሥነ ልቦና ታሪክ እጅግ የታወቀ ሙከራ አደረገች። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከእናቱ ጋር አሻንጉሊት ወደሞላበት የማያውቀው ክፍል ይገባል፤ እናቱ ለአጭር ጊዜ ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ኤንስወርዝ ይበልጥ የምታየው እናቲቱ ስትመለስ የሚሆነውን ነበር። ብዙዎቹ ሕፃናት ወደ እናታቸው ይሄዳሉ፣ ታቅፈው ይጽናናሉ፣ ከዚያም ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ግን እናታቸው ስትገባ ቀና ብለው እንኳ አያዩዋትም፤ አጎንብሰው አሻንጉሊታቸውን ይነካካሉ። ላያቸው ሰው ምንም ያልመሰላቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ ልጆች ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 አላን ስሩፍና ኤቨረት ዋተርስ የሕፃናቱን የልብ ምት በመለካት ያሳዩት ግን ሌላ ነበር፤ አጎንብሶ በአሻንጉሊቱ የሚጫወተው ልጅ ልቡ በኃይል ይመታ ነበር። ጨዋታውም እውነተኛ ጨዋታ አልነበረም፤ ዓይኑ አሻንጉሊቱ ላይ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ያ ልጅ ባጭር ዕድሜው የተማረው፣ ጭንቀቱን ካሳየ እናቱ እንደምትርቅበት፣ ካላሳየ ግን ቢያንስ አጠገቧ መቀመጥ እንደሚችል ነው።

ያን ማታ በእጅዎ የያዙት የበር እጀታ የዚያ ሕፃን አሻንጉሊት ነበር ብዬ አምናለሁ። ባለቤትዎ ስታለቅስ ክፍሉን ጥለው አልወጡም፤ አጠገቧ ቆዩ፤ ግን አጎንብሰው፣ እጅዎ ሥራ ይዞ። በቤቱ ውስጥ ከተሰበሩት ነገሮች ሁሉ ሊጠገን የሚችለውን አንዱን ፈልገው አገኙ። በእርስዎ ቋንቋ ይህ «አለሁልሽ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን ያንን ቋንቋ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ያየችው፣ የእናቷን ውጤት ይዛ በምታለቅስበት ሰዓት ብሎን የሚያጠብቅ ባል ነው።

ይህን የምጽፈው አያትዎን ለመክሰስ አይደለም፤ እሳቸውም ሲያለቅሱ ማን ያባብላቸው እንደነበረ አናውቅም። «ሲበቃህ ትመጣለህ» የተባለ ልጅ የሚወስደው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ሰው አጠገብ ለመሆን መጀመሪያ እንባን ጓዳ ጨርሶ መምጣት ያስፈልጋል። በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ትምህርት ትክክል ነበር፤ ሠርቶልዎታልም። የቁርኝት ጽንሰ ሐሳብ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ፣ ሰው ከአሳዳጊዎቹ ጋር ባሳለፈው ኑሮ «ስቸገር የሚደርስልኝ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ እንደሚያድግና ይህንኑ መልስ ወደ በኋላ ግንኙነቶቹ ይዞት እንደሚገባ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር ይህን ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አምጥተው፣ በፍቅር ግንኙነት ውስጥም መቅረብ የሚቀልላቸው፣ መተውን የሚፈሩና መቅረብ የሚጨንቃቸው ሰዎች እንዳሉ አሳዩ። እርስዎ በሦስተኛው ወገን ያሉ ይመስለኛል። ይህ ግን የደም ዓይነት አይደለም፤ ደጋግሞ የሚደርስልን ሰው ስናገኝና እኛም ደጋግመን መቅረብን ስንለማመድ ይለወጣል፤ በአዋቂነት ዘመናቸው የተለወጡ ሰዎችም ብዙ ናቸው።

ባለቤትዎ በዚያች ሰዓት ምን እንደምታይ ደግሞ ላሳይዎት፤ ያለዚህ ቀጥሎ የምመክርዎ ሁሉ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ከጥቂት ወራት ሕፃኗ ጋር ስትጫወት የቆየችን እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ጭው አድርጋ ምንም ስሜት ሳታሳይ እንድትመለከተው ጠየቃት። ሕፃኑ ወዲያው ይነቃል። መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ መልስ ሲያጣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፣ ይወራጫል፤ በመጨረሻ ፊቱን ያዞራል፣ ትከሻውም ይወድቃል። እናቱ እኮ የትም አልሄደችም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ሕፃኑን ያስጨነቀው የእናቱ መሄድ ሳይሆን እያለች አለመኖሯ ነው።

የአዋቂ ሰው ልብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለቤትዎ ድምፅዋን ከፍ የምታደርገው፣ ያንኑ ነገር ሦስት ጊዜ የምትደግመው፣ «ግድግዳ» የሚል የሚያቆስል ቃል እስከመወርወር የምትደርሰው፣ ፊትዎ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ለማየት ነው። እርስዎ ደግሞ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ይቆለፋሉ፤ እርስዎ በተቆለፉ ቁጥር እሷ የበለጠ ታንኳኳለች። አንድሩ ክርስተንሰንና ክሪስቶፈር ሂቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ሲጠይቅና ሲገፋ ሌላው ሲሸሽ የሚፈጠረውን ይህን ዑደት በሰፊው መርምረዋል። ካገኟቸው ነገሮች ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚሸሸው ብዙውን ጊዜ ባል ቢሆንም ነገሩ የወንድና የሴት ተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ አንድ ነገር እንዲለወጥ የሚፈልገው ወገን ይገፋል፣ ባለበት ቢቀጥል የማይከፋው ወገን ደግሞ ይሸሻል። ስለዚህ እርስዎ ምን እንዲለወጥ ይፈልጋሉ? በ8 ዓመት ውስጥ ከባለቤትዎ የፈለጉትን አንድ ነገር በግልጽ ጠይቀዋት ያውቃሉ? በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም አላገኘሁም። ምንም የማይጠይቅ ሰው አስቸጋሪ ያልሆነ ሰው ይመስላል፤ ለሚያፈቅረው ግን የሚያዝበት ቦታ የሌለው ሰው ነው።

ባለቤትዎ ብትጽፍልኝ ኖሮ፣ የንግግሩን መጀመሪያ እንዴት ብታለዝብ እንደሚሻል ለእሷም የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር። የጻፉልኝ ግን እርስዎ ነዎትና ከእርስዎ ጋር እቆያለሁ።

ጓደኛዎ «ሲበርድላት ራሷ ትመጣለች» ማለቱ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ ምክሩ ግን ትዳርዎን ሊያፈርስ የሚችል ምክር ነው። የቦውልቢ የሥራ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ሕፃንን የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ወላጆች ልጃቸውን በሆስፒታል መጠየቅ የሚችሉት በጣም ለጥቂት ጊዜ ነበር። ሮበርትሰንና ቦውልቢ ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ሲከታተሉ ሦስት ደረጃ አዩ፤ መጀመሪያ ልጁ አልቅሶ፣ ተቆጥቶ ይቃወማል፤ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ መለየቱ ከረዘመ ደግሞ ዝም ይላል፣ ከሠራተኞቹ ጋር ይጫወታል፣ እናቱ ስትመጣ እንደማያውቃት ሆኖ ያልፋታል። የሆስፒታል ሠራተኞች ይህን የመጨረሻውን ደረጃ «ለመደ፣ ተረጋጋ» ይሉት ነበር። የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በቤትዎ ውስጥ አሁን ያለው ጸጥታ የባለቤትዎ ቁጣ መብረድ ሳይሆን ተስፋዋ እየበረደ መሆኑን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ጭቅጭቋ ቢያምዎትም «ስማኝ» የሚል ጥሪ ነበረበት። እርስዎ መፍራትዎ ትክክል ነው፤ ፍርሃትዎ ከጓደኛዎ ይልቅ አውቋል።

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ለሐሜትና ለነገር ይህ እውነት ነው፤ ባልና ሚስት መካከል የተቀመጠ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል።

ስለ 4ቱ ቀናት ለብቻው መናገር አለብኝ፤ እርስዎም ሳልጠይቅዎ በሐቀኝነት ስለነገሩኝ በሐቀኝነት እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ማታ ዝምታና የሦስተኛው ቀን ዝምታ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከአቅምዎ በላይ ሆኖ የመጣ ነው፤ የሦስተኛው ቀን ግን እንዲያማት ፈልገው የመረጡት ነው፤ ራስዎ «ይሰማት ብዬ» ብለዋል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ መልክ ስላላቸው፣ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም መጥራት ለማንኛውም ዝምተኛ ሰው ትልቅ ፈተና ነው፤ «እኔ እኮ ሲከፋኝ እንዲህ ነኝ» ይባልና ቅጣቱ ባሕርይ ይሆናል። ሰው መገለሉ ሲሰማው የሚደርስበት ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፤ እናቷ የታመመችባት ሴት ደግሞ በዚያ ሳምንት ይህ ሊጨመርባት አይገባም ነበር። ለመጀመሪያው ማታ ማብራሪያ ይበቃል፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ቀን ግን ይቅርታ መጠየቅ አለብዎት፤ ያለ «ግን»፣ እሷ ያለችውን ሳያነሱ።

ከዚህ በኋላ ምን ያድርጉ? ስለ ራስዎ ሰውነት በማወቅ ይጀምሩ። ክርክር ሲጀመርና መጋረጃውን መቁጠር ሲጀምሩ፣ ሁለት ጣትዎን አንገትዎ ጎን አድርገው የልብ ምትዎን ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ወደ 25 ከተጠጋ በደቂቃ 100 እየደረሰ ነውና፣ ከዚያ በኋላ ከእርስዎ የሚወጣ ጥሩ ንግግር አይኖርም። መጋረጃው ራሱ ምልክትዎ ነው፤ መስመር መቁጠር የጀመሩባት ሰዓት ልብዎ አስቀድሞ የሮጠባት ሰዓት ናት።

በዚያች ሰዓት ማረፍ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አወጣጡ ላይ ነው። ጎትማንና ባልደረቦቹ በአንድ ሥራቸው የሚጨቃጨቁ ባለትዳሮችን ከ15 ደቂቃ በኋላ «መሣሪያ እናስተካክል» ብለው አስቆሟቸውና፣ ስለ ጉዳዩ ሳያወሩ ለግማሽ ሰዓት መጽሔት እንዲያነቡ አደረጓቸው። ንግግሩን ሲቀጥሉ የልብ ምታቸው ወርዶ ነበር፤ አነጋገራቸውም ተለውጦ የተሻለ ሆነ። ሌሎች ሰዎች የገቡ ይመስል ነበር፤ የተለወጠው ግን ሰዎቹ ሳይሆኑ ሰውነታቸው ያለበት ሁኔታ ነው። እርስዎም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልግዎታል። ነገር ግን በዕረፍቱ ጊዜ የሰጧትን መልስና ልትሰጥዎት ይገባት የነበረውን መልስ በሐሳብዎ እየደጋገሙ ከተቀመጡ ልብዎ አይበርድም፤ ይራመዱ፣ ልብስ ያጣጥፉ፣ ሌላ ነገር ያንብቡ።

ሲወጡ የሚሏት ነገር አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን፤ በስሜት ጎርፍ መካከል ቃል መፈለግ እንደማይችሉ አይተነዋልና። ለምሳሌ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፤ «የምትይኝ ነገር ትልቅ ነው፤ ልቤ እየመታ ቃል አጣሁ፤ አልሸሽሽም፤ በ3 ሰዓት ተመልሼ እሰማሻለሁ።» ይህን በራስዎ አነጋገር ይቀይሩት፤ ሦስት ነገሮች ብቻ አይቅሩ፤ የነገሯት ነገር ክብደት እንዳለው ማመንዎ፣ በውስጥዎ የሆነውን መናገርዎ፣ የሚመለሱበትን ሰዓት መቁረጥዎ። ሰዓቱ ሲደርስም የሚመለሱት እርስዎ ነዎት። እሷ መጥታ እንድታንኳኳ ከጠበቁ የድሮው ዑደት በአዲስ ስም ቀጠለ ማለት ነው። ያልጠፋ መብራት፣ ያላለቀ ሥራ፣ የተኛ ልጅ ሰበብ አይሁንብዎ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለቤትዎ የምትለካዎት በንግግርዎ ውበት ሳይሆን በተባለው ሰዓት መምጣትዎ ነው። ይህን ስምምነት ደግሞ በጭቅጭቅ መሐል ሳይሆን ሁለታችሁም ሰላም በሆናችሁበት ቀን ያቅርቡት፤ ያለበለዚያ «ልሂድ» የሚለው ቃል ለእሷ ሌላ በር መዝጋት ይሆንባታል።

ሲመለሱም ብዙ እንዲናገሩ አይጠበቅብዎትም። ብዙ ዝምተኛ ባሎች ሚስቶቻቸው መፍትሔ የሚፈልጉ ይመስላቸዋል፤ መፍትሔ ስለሌላቸውም አፋቸውን ይዘጋሉ። የእናቷን ሕመም ሊፈውሱላት አይችሉም፤ ይህንንም ታውቃለች። «ፈርተሻል፤ እኔም ፈርቻለሁ» ማለት ግን ይቻላል። ቃል ጨርሶ ሲያንስዎ ደግሞ እጅ አለ። ጄምስ ኮዋን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ 16 ባለትዳር ሴቶችን አንጎላቸውን በሚመረምር ማሽን ውስጥ አስተኝተው፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመጣባቸው እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። ሴቶቹ አንዴ ብቻቸውን፣ አንዴ የማያውቁትን ሰው እጅ፣ አንዴ የባላቸውን እጅ ይዘው ነበር። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለአደጋው የሚሰጠው ምላሽ በጣም ይቀንስ ነበር፤ ትዳራቸው የሰመረ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቀንስ ነበር። በዚያ ማሽን ውስጥ ማንም ባል ንግግር አላደረገም። ከ4 ቀን ዝምታ በኋላ ግን እጅዋን ሳይጠይቁ አይያዙ፤ «እጅሽን ልያዝ?» ይበሏት። እምቢ ካለችም አይቆጡ፤ አጠገቧ ይቀመጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእናንተ ችግር የሚታየው በጭቅጭቅ ሰዓት ይሁን እንጂ የሚድነው በአብዛኛው በሌላ ሰዓት ነው። ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን አጥንቶ ከ6 ዓመት በኋላ ሲመለስባቸው፣ በትዳር የቆዩት ጥንዶች አንዱ ለሌላው ከሚያቀርባት ትንንሽ ጥሪ፣ «ይህን አየኸው?» ከምትል፣ መስኮት ላይ ሆኖ ከሚጠቆም ነገር፣ ከረጅም ትንፋሽ፣ 86 በመቶውን ምላሽ ሰጥተውት እንደነበር፣ የተለያዩት ግን 33 በመቶውን ብቻ መመለሳቸውን ዘግቧል። ለእንባ መልስ መስጠት ለጊዜው ከከበደዎት፣ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ መልሱን እስኪያልቅ መስማት አይከብድዎትም። እዚያ የሚለማመዱት ነገር በከባዱ ቀን ይደርስልዎታል።

ደጋግመው ይሳሳታሉ። አንድ ማታ መጋረጃውን ሲቆጥሩ ራስዎን ያገኙታል፣ ሰዓቱም ያልፍብዎታል። ትሮኒክ በጤናማ እናትና ሕፃን መካከል እንኳ ሁለቱ የሚግባቡት ከጊዜው 30 በመቶ ገደማውን ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው መተላለፍና መልሶ መገናኘት እንደሆነ አስተውሏል። ስለዚህ ሳይሳኩ ሲቀሩ «አልቻልኩም፣ እኔ እንዲህ ነኝ» ብለው ወደ ጓዳው አይመለሱ፤ ዘግይተውም ቢሆን ይምጡ።

በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ባለቤትዎ መነጋገሩን ራሱ ካልፈለገች፣ አብራችሁ የጥንዶች አማካሪ ዘንድ ሂዱ። ሱ ጆንሰንና ሌስ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩት፣ በስሜት ላይ ያተኮረ የሚባለው የምክር ዘዴ የተሠራው ልክ ለዚህ ለእናንተ ዓይነቱ ዑደት ነው። አማካሪ ጋ መሄድን የመጨረሻ ዕድል አድርገው አይዩት።

ከሁሉ በፊት ግን ወደዚያ ማታ ይመለሱ። የሆነውን ጊዜ እንዲሸፍነው አይተዉት፤ ለባለቤትዎ ያ ማታ አላለፈም። ልጆቹ ሲተኙ፣ ስልክዎን ሌላ ክፍል አስቀምጠው፣ እሷ ያን ዕለት በተቀመጠችበት ወንበር አጠገብ ይቀመጡና ለእኔ የነገሩኝን ለእሷ ይንገሯት፤ እጅዎ ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ ብሎኑ ሁለት ጊዜ እንደወደቀብዎ፣ ልጅ ሆነው ሲያለቅሱ ወደ ጓዳ ይላኩ እንደነበር፣ በሦስተኛው ቀን መናገር እየቻሉ ሆን ብለው ዝም እንዳሉና ለዚያም ይቅርታ እንደሚጠይቁ። ድምፅዎ ቢቆራረጥ አይጨነቁ፤ ጽፈው ማንበብ ከቀለለዎትም ያንብቡላት። ከዚያ «የእናትሽ ውጤት ምን ነበር ያለው?» ብለው ይጠይቋት። ያን ዕለት ያልተጠየቀችው ይህን ነው። ስትነግርዎት ምናልባት ታለቅሳለች፤ እርስዎም ልብዎ መምታት ይጀምራል፣ ዓይንዎም መጋረጃ ይፈልጋል። ካቻቢቴው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ፤ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ይቆዩ።